ኖርዌይ ያለው የፏፏቴ ባቡር፦ ስለ ፍሎም መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ኦስሎ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግንቦት በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ከዋሽንግተን ይደወላል፣ ከዱባይ ይደወላል፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በቴሌግራም ቪዲዮ ይላካል። ቪዲዮው ሁሌም አንድ ነው። አረንጓዴ ባቡር፣ ገደል፣ ነጭ ውሃ፣ ከሥሩ ደግሞ «ይሄ የት ነው? ስንመጣ ትወስደናለህ አይደል?» የሚል ጽሑፍ። እወስዳለሁ፣ ምን ችግር አለ። ግን ያንኑ መልስ አሥር ጊዜ ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል። መስመሩን በሙቀትም በበረዶም ሄጄበታለሁ፣ ብቻዬንም ከእናቴም ጋር፣ አንዴም ባቡር አምልጦኝ ጣቢያ ላይ ተጎልቻለሁ።

ቀድመን አንድ ነገር እንግባባ። እዚህ «በጋ» ስል የእነሱን በጋ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን፣ እኛ ክረምት የምንለውን። በዚህ የተነሳ የተሳሳተ ልብስ ሻንጣ ሙሉ ይዞ የመጣ ዘመድ አለኝ። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ለመሆኑ የትኛው ባቡር ነው?

የፍሎም ባቡር ነው፤ እነሱ ፍሎምስባና ይሉታል። ኦስሎንና በርገንን የሚያገናኘው ትልቁ መስመር ተራራ ላይ ሚርዳል የምትባል ጣቢያ አለችው። ከሚርዳል አንድ ቅርንጫፍ ይገነጠልና እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወርዶ ውሃ ዳር ያለች ፍሎም የምትባል ትንሽ መንደር ላይ ያልቃል። ሚርዳል ከባሕር ጠለል በላይ 866 ሜትር ላይ ነች፣ ፍሎም 2 ሜትር ላይ። በመካከላቸው ያለው ሃዲድ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ውሃው ፍዮርድ ነው። ድሮ የበረዶ ግግር ተራራውን እየፈለፈለ ጥልቅ ሸለቆ ሠራ፣ በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ገባበት። ስለዚህ ሐይቅ ይመስላል ግን ጨው ነው፣ ግራና ቀኙም ቀጥ ያለ ገደል ነው። ፍሎም የምትገኘው ሶግነፍዮርድ ከሚባለው ትልቁ ፍዮርድ አንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ሶግነፍዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ የብስ ይገባል፣ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ያልፋል።

20 ኪሎ ሜትር? ይሄ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነው?

አዎ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው፣ ያውም ፏፏቴው ጋ ቆሞ።

ግን እስቲ አስቡት። አሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነስቶ ባሕር ለመድረስ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድ ነበር። ይሄኛው 864 ሜትር የሚወርደው በ20 ኪሎ ሜትር ነው። ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ 18 ሜትር ሲሄድ 1 ሜትር ይወርዳል። በጥርስ አይያዝም፣ በገመድ አይጎተትም፤ እንደማንኛውም ባቡር የብረት ጎማ በብረት ሃዲድ ላይ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ካሉ መደበኛ መስመሮች ቁልቁለታቸው ከበረታባቸው ጥቂቶቹ አንዱ ነው።

ታሪኩም ቀላል አይደለም። ሥራው በ1920ዎቹ ተጀምሮ ባቡር የሄደበት ነሐሴ 1940 ነው፣ አገሪቱ በጀርመን ከተያዘች ከጥቂት ወራት በኋላ። ኤሌክትሪክ የገባለት በ1944። 20 ዋሻዎች አሉት፣ ከእነሱም 18ቱ የተቆፈሩት በእጅ ነው። አንዱ ዋሻ ተራራው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይዞራል። ወደ ሰሜን እየሄዳችሁ ትገቡና ስትወጡ ፊታችሁ ዞሮ ታገኙታላችሁ። ቀና ብላችሁ ስታዩ ከአፍታ በፊት የነበራችሁበት ሃዲድ ከራሳችሁ በላይ ገደሉ ላይ ተለጥፏል። እኔ መጀመሪያ ቀን ሌላ መስመር መስሎኝ ነበር።

ፍሬኑ ቢበጠስስ?

ይሄን የምትጠይቀኝ አክስቴ ነች፣ ግን እሷ ብቻ አይደለችም። ባቡሩ አንዱ ሌላውን የማይጠብቅ ብዙ ዓይነት ፍሬን አለው። ሲወርድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ያ ደግሞ ከብዙ የከተማ አውቶቡስ ያነሰ ነው። ተኝቶ የሚሄድ ሰው ሁሉ አይቻለሁ፤ ትኬቱን ከፍሎ!

ፏፏቴው ጋ ይቆማል? መውረድ ይቻላል?

ይቆማል፣ ትወርዳላችሁ። ሾስፎሰን ይባላል። «ፎስ» ማለት በእነሱ ቋንቋ ፏፏቴ ነው፤ ካርታ ላይ በ«ፎስ» ወይም በ«ፎሰን» የሚያልቅ ስም ካያችሁ እዚያ የሚወርድ ውሃ አለ ወይም ነበረ ማለት ነው። በርገን መስመር ላይ ሆነፎስ የምትባል ከተማም አለች።

ሾስፎሰን ከሚርዳል ብዙም አይርቅም። ባቡሩ እዚያ ለፎቶ ብሎ አምስት ደቂቃ ገደማ ይቆማል፣ ሰዉ ሁሉ ወደ እንጨት መድረኩ ይግተለተላል። ከላይ እስከ ታች 225 ሜትር ነው፤ መድረኩ ላይ ሆናችሁ የምታዩት ግን ከፊሉን ነው። ድምፁ ከሁሉም በላይ ነው። ጎን ለጎን ቆማችሁ አትሰማሙም። በረዶ በሚቀልጥበት ሰሞን ደግሞ ጢሱ ከመድረኩ አልፎ ፊታችሁን ያጥባችኋል። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች መጥረጊያ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

አምስት ደቂቃ አጭር ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ስልኬን ኪሴ ውስጥ እተወዋለሁ። ሰዉ ሁሉ ከፊት ተጋፍቶ ይቀርጻል፤ ቀርጾ ሲጨርስ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ ባዶ ይሆናል፣ ፎቶም ያን ጊዜ ይነሳል። ፊሽካው ሲነፋ ግን ወዲያው መግባት ነው።

ሌላም ፏፏቴ አለ። ሪዮአንደፎሰን 140 ሜትር ነው፤ ባቡሩ አይቆምለትም፣ ከመስኮት ነው የሚታየው። ስም ያላወቅኩላቸው፣ እንደ ነጭ ክር ከገደሉ ላይ የሚንጠለጠሉ ደግሞ አይቆጠሩም።

ቀይ ቀሚስ ለብሳ ድንጋይ ላይ የምትወዛወዘው ሴትዮ ማን ናት?

ሁልድራ ነች። በኖርዌይ ተረት ሁልድራ ጫካና ተራራ ውስጥ የምትኖር ቆንጆ ሴት ነች፣ ከኋላዋ ግን የላም ጭራ አላት። እየዘፈነች ወንዶችን ታማልላለች፣ የተከተላት አይመለስም። በበጋ ወራት ባቡሩ ሾስፎሰን ሲቆም ከድምፅ ማጉያ ዘፈን ይለቀቃል፣ ቀይ የለበሰች ዳንሰኛ ፏፏቴው አጠገብ ካለው ፍርስራሽ ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ትታያለች። እንዴት እንዲህ ቶሎ ቦታ እንደምትቀይር ለራሳችሁ ልተወው።

እኔ የቱሪስት ነገር ነው ብዬ ነው የማልፈው። እናቴ ግን አማተበች። «በቀትር ወንዝ አትውረድ ስልህ ምን መስሎህ ነበር?» አለችኝ። እዚያው ከእኛ ጋር የቆመ አንድ የኖርዌይ ሽማግሌ ምን እንዳለች ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት፣ «አያቴም እንዲሁ ትል ነበር» አለ።

ከጢስ ዓባይ ይበልጣል?

ማወዳደሩ ራሱ ልክ አይደለም ግን ትጠይቁኛላችሁ፣ ልመልስ። ጢስ ዓባይ ወደ 45 ሜትር ከፍታ ነው፣ ሲሞላ ደግሞ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ሾስፎሰን ረጅም ነው ግን ቀጭን ነው። በውሃው ብዛት፣ በነሐሴና በመስከረም የሞላ ጢስ ዓባይን የሚያህል እዚህ መስመር ላይ የለም።

የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ። ሁለቱም መብራት ይሰጣሉ። የጢስ ዓባይ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ለመብራት ማመንጫ ይጠለፋል፤ በተለይ ሁለተኛው ማመንጫ በ2001 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በደረቁ ወራት የሄደ ሰው ቋጥኝ አይቶ ይመለሳል። ሾስፎሰን ላይም ማመንጫ አለ፣ የተሠራው ለዚሁ ባቡር ነው። ፏፏቴውን ለማየት የሚወስዳችሁ ባቡር ጉልበቱን ያገኘው ከፏፏቴው ነው ማለት ነው። ይሄን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ መብራትም ፏፏቴም መሆን ይቻላል እንዴ?» አለች። እዚህም ቢሆን ሁሌ አይቻልም፣ ኖርዌይ ውስጥ ለመብራት ሲባል የደረቁ ፏፏቴዎች አሉ። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ 90 በመቶ ያህሉ ከውሃ ነው።

መቼ ልምጣ?

ለፏፏቴ ከሆነ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ። ይሄን አትርሱ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱም። ተራራው ላይ የከረመው በረዶ የሚቀልጠው ያኔ ነው፣ ገደሉ ሁሉ ውሃ ያፈሳል። ሐምሌና ነሐሴ ይሞቃል፣ ቀኑም ረጅም ነው፣ ግን ሰው ይበዛል፣ ውሃውም ይቀንሳል፤ ብዙ ቀን ካልዘነበ ትናንሾቹ ፏፏቴዎች ይጠፋሉ።

መስከረም የእኔ ምርጫ ነው። እንደ እኛ አገር ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ አደይ አበባ ሳይሆን የበርች ዛፍ ቅጠል ነው። የመርከብ ቱሪስቱም ይቀንሳል። ዝናብ ግን አለ፤ በርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ የሚዘንብባት ከተማ ነች፣ ዝናቡም ተራራው ድረስ ይከተላችኋል። ቢዘንብ አትዘኑ፣ ለፏፏቴ ጥሩ ነው።

በረዶ ጊዜስ? ባቡሩ ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል፣ በቀን የሚሄድበት ጊዜ ብቻ ይቀንሳል። ሾስፎሰን ይጋገራል፣ ሰማያዊ የበረዶ ግድግዳ ይሆናል። ያምራል፣ ግን ድምፅ የለውም። ታኅሣሥ ላይ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይመሻል፣ ስለዚህ የጠዋቱን ባቡር ያዙ፤ አለበለዚያ 20 ኪሎ ሜትር ሙሉ መስኮቱ ላይ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት።

ከኦስሎ ልነሳ ወይስ ከበርገን?

ጊዜ ካላችሁ ከኦስሎ። ምክንያቱም ሚርዳል የሚያደርሳችሁ የበርገን መስመር ራሱ ጉዞ ነው። በ1909 ነው የተከፈተው፤ ከኦስሎ በርገን ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል፣ ሚርዳል ለመድረስ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። መጀመሪያ እርሻና ጫካ፣ ከዚያ ወንዝ፣ ከዚያ ዛፍ ያልቃል። ሃርዳንገርቪዳ የሚባለው ደጋማ ሜዳ ላይ ስትወጡ ድንጋይ፣ ሐይቅና በረዶ ብቻ ነው። ፊንሰ የምትባለው ጣቢያ 1,222 ሜትር ላይ ነች፣ ከኖርዌይ ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛዋ። የመኪና መንገድ አይደርስባትም። ወደ ደቡብ ዋልታ የሄደው እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት ከጉዞው በፊት ልምምድ ያደረገው እዚያ ነው፤ ለበረዶው ሲል።

1,222 ሜትር ማለት ድሬዳዋ ማለት ነው እኮ! ድሬዳዋ በዚሁ ከፍታ ሰው ከቀትር ፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ሥር ይተኛል፣ ፊንሰ በሰኔ በረዶ አለ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ከበርገን የሚነሳ ሰው ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሚርዳል ነው፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን በደንብ ይበቃዋል። ከኦስሎ ግን በአንድ ቀን ሄዶ መመለስ ይቻላል ብላችሁ አትሞክሩት። ይቻላል፣ ግን ማታ ኦስሎ ስትገቡ ያያችሁትን ሁሉ ድካም ይበላዋል። ፍሎም ወይም በርገን መስመር ላይ ያለችው ቮስ አድራችሁ ወደ በርገን ቀጥሉ።

ትኬቱ ውድ ነው?

ለ20 ኪሎ ሜትር? ውድ ነው፣ አልዋሽም። የፍሎም ባቡር ዋጋ እንደ ወቅቱ ይለያያል፣ በበጋ ከፍ ይላል። የበርገኑ ባቡር ግን እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው። ቀደም ብሎ የገዛ በጣም በርካሽ ይሄዳል፣ በዋዜማው የገዛ ዋይ ዋይ ይላል። ስለዚህ ቀኑን እንደቆረጣችሁ የበርገኑን ወዲያው ግዙ። የአውሮፓ የባቡር ማለፊያ ያላችሁ ደግሞ በፍሎም ላይ ቅናሽ አላችሁ እንጂ ነፃ አይደለም፤ በዚህ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው።

ትኬት በስልክ አፕ ይገዛል፣ ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ የለም። ካርድ በየትም ይሠራል።

ሰዉ ሁሉ የሚገዛው ጥቅል ጉዞ አለ፣ እሱን ልግዛ?

ኖርዌይ ኢን ኤ ነትሼል የሚባለውን ነው የምትሉት። የኦስሎ–በርገን ባቡር፣ የፍሎም ባቡር፣ ከፍሎም እስከ ጉድቫንገን በፍዮርዱ ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚሄድ መርከብ፣ ከዚያ አውቶቡስ እስከ ቮስ፣ ከቮስ ደግሞ ባቡር። አስጎብኚ አብሮ አይሄድም፣ የተለየ ባቡርም የለም፤ እኔና ጎረቤቴ የምንሳፈርበት ያው ነው። የምትከፍሉት ሰዓቱን አገጣጥሞ ትኬቱን ስለሰበሰበላችሁ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ሰዓት ማገጣጠም የማይከብዳችሁ ሰዎች ራሳችሁ ግዙ፣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ በፈለጋችሁበትም ታድራላችሁ። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነና ጭንቅላታችሁን ማሳረፍ ከፈለጋችሁ ግን ጥቅሉ መጥፎ አይደለም። መርከቡን በምንም አትተዉት። የሚያልፍበት ኔሮይፍዮርድ በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ የገባ ነው። በጣም ከመጥበቡ የተነሳ ግራና ቀኙን ገደል በእጅ የምትነኩት ይመስላችኋል።

የትኛው ጎን ልቀመጥ?

ስለዚህ ጉዳይ ሲከራከር የሚውል ሰው አለ። ባቡሩ እየዞረ ስለሚወርድ ሸለቆው አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ነው። ትልቁን ፏፏቴ ደግሞ ሁሉም ወርዶ ነው የሚያየው። የሚከፈት መስኮት ካገኛችሁ እዚያ ቁሙ፣ በተዘጋ መስታወት ፎቶ ስታነሱ የራሳችሁ ጃኬት ይገባበታል።

እናቴን (ወይም አባቴን) ይዤ ብመጣ ይከብዳቸዋል?

አይከብዳቸውም። እንዲያውም ለወላጅ ከዚህ የተሻለ ጉዞ አላውቅም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ አትራመድም። ከኦስሎ ፍሎም ድረስ ተቀምጣ ነው የመጣችው። ሚርዳል ላይ ባቡር መቀየር አለ፣ መድረኩ ለመድረኩ ቅርብ ነው፣ ግን ነፋስ አለ። ቀድማችሁ ጋቢ ወይም ወፍራም ሻርፕ አልብሷቸው። ባቡሮቹ ሽንት ቤት አላቸው፤ የእናቶቻችን ትልቁ ጭንቀት እሱ ስለሆነ ነው የምናገረው።

እናቴ ጉዞውን ሙሉ ዝም ብላ ነበር የምታየው። ሸለቆው ውስጥ ተራራው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቤትና ፍየሎች አየችና «እዚህም ሰው አለ?» አለች። አለ። ፍየል አርብተው አይብ የሚሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ፏፏቴው ሳይሆን ስለ ፍየሎቹ ነው እስከ በርገን ያወራችው።

ከፍታው ያመኛል?

አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያደገ ሰው ይሄን ሲጠይቀኝ እስቃለሁ። የፍሎም ባቡር ከፍ ሲል ከሚርዳል 866 ሜትር አያልፍም። ከዋሻ ስትገቡና ስትወጡ ጆሯችሁ ሊደፈን ይችላል፣ ዋጥ አድርጉ፣ ይከፈታል።

በእግር ወይም በብስክሌት መውረድ ይቻላል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እኔም አቅሙ ላለው ሰው ሁሉ የምለው ይሄንኑ ነው። በባቡር ውጡ፣ በእግራችሁ ውረዱ። ባቡር ላይ ፏፏቴ ታያላችሁ፣ ወዲያው ዋሻ ይመጣና ይወስድባችኋል፤ «አየኸው?» ስትሉ ጎረቤታችሁ «ምኑን?» ይላል። በእግር ግን የፈለጋችሁት ፏፏቴ ሥር ተቀምጣችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ።

መንገዱ ራላርቨገን ይባላል። ራላር ማለት ያኔ ሃዲዱን የሠሩ ተንከራታች የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። መንገዱ የበርገን መስመር ሲሠራ ዕቃና ሰው ያመላለሱበት ነው፣ አሁን የብስክሌት መንገድ ሆኗል። በርገን መስመር ላይ ካለችው ሃውጋስቶል ጣቢያ እስከ ፍሎም 82 ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉውን የሚሄዱ በሁለት ቀን ያደርጉታል፣ ብስክሌትም ሃውጋስቶልና ፊንሰ ይከራያል። ላይኛው ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሐምሌ በፊት ከበረዶ አይጸዳም፣ በሰኔ መጥታችሁ «ዝግ ነው» ቢሏችሁ እንዳትቆጡ።

ከሚርዳል ፍሎም ብቻ በእግር ከሆነ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ቁልቁለት ስለሆነ ትንፋሽ አይፈልግም፣ ጉልበት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ 21 ጊዜ የሚጠማዘዝ ጠመዝማዛ አለ፣ ጠጠርና ድንጋይ ነው። ብስክሌት የያዛችሁ እዚያ ላይ ወርዳችሁ እየገፋችሁ ሂዱ። እየጋለበ የሚወርድ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ደስ አይልም። ግማሽ መንገድ ላይ ከደከማችሁ በረክቫም የሚባል ጣቢያ አለ፤ የወጪና የወራጅ ባቡሮች የሚተላለፉበት ቦታ ነው፣ እዚያ ተሳፍራችሁ መጨረስ ትችላላችሁ።

ፍሎም ደርሼ ምን ላድርግ?

መንደሯ ትንሽ ነች፣ መርከብ የቆመ ቀን ደግሞ ሕዝቡ ከመንደሯ ይበዛል። በአሮጌው ጣቢያ ቤት ውስጥ የባቡሩ ሙዚየም አለ፣ በነፃ ነው፤ ዋሻዎቹ በእጅ ሲቆፈሩ የሚያሳዩ ፎቶዎችን ተመልከቱ። ሁለት ሰዓት ካላችሁ ወደ ብረከፎሰን ውጡ፣ የድንጋይ ደረጃ አለው፤ የሠሩት ከኔፓል የመጡ ሼርፓዎች ናቸው። ላብ ያስወጣል፣ ከላይ ግን ፏፏቴውን ከጀርባ፣ ፍዮርዱን ከፊት ታገኛላችሁ። መውጣት የማይችል ደግሞ በአውቶቡስ ስተጋስታይን ይሂድ፤ ከፍዮርዱ 650 ሜትር በላይ ከተራራው ወደ አየር የወጣ መመልከቻ ነው።

ጾም ላይ ነኝ፣ ምን እበላለሁ?

የራሳችሁን ያዙ። የሰኔ ጾም ከጥሩው የፏፏቴ ወቅት ጋር ስለሚገጥም ይሄ ጥያቄ ሁሌ አለ። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ፣ ሻይ በፔርሙዝ። እዚህ አገር ባቡር ላይ ምሳ ከቦርሳ ማውጣት ነውር አይደለም፣ ኖርዌዮች ራሳቸው በወረቀት የጠቀለሉትን ዳቦ ነው የሚበሉት። ውሃ አትግዙ፣ የቧንቧው ንጹሕ ነው። ጾም ላይ ያልሆናችሁ ቡናማውን አይብ ቅመሱት፤ ጣፋጭ ነው፣ ግማሻችሁ ትወዱታላችሁ፣ ግማሻችሁ ትረግሙኛላችሁ።

ቪዛስ?

ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም ግን ሸንገን ውስጥ ነች። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ገልፍ የምትኖሩ የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁበት አገር ሆናችሁ ታመለክታላችሁ።

ያን ያህል ሰው የማይበዛበት ሌላ መስመር የለም?

የራውማ መስመር። ብዙ ሐበሻ አያውቀውም፣ ሳልነግራችሁ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ከዶምቦስ ተነስቶ ኦንዳልስነስ የሚወርድ 114 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ1924 ጀምሮ ይሠራል። በ59 ሜትር ከፍታ ላይ ወንዝ የሚያቋርጥ ሺሊንግ የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለው፣ ከሥሩ ውሃው አረንጓዴ ነው። ወደ መጨረሻው ትሮልቨገን የሚባለው ገደል ይመጣል፤ 1,000 ሜትር የሚያልፍ ቀጥ ያለ ድንጋይ ነው። የአገሩ ሰው ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ የሚሳፈርበት ባቡር ስለሆነ ሽር ጉዱ ያንሳል። ፏፏቴው ጋ የምትዘፍን ሴትዮ ግን የለችም።

ምን ልልበስ?

ደራርቡ። በበጋም ቢሆን ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ጃንጥላ አትያዙ፣ ሚርዳል ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል።

ሚርዳል ላይ ባቡር ካመለጠኝስ?

አምልጦኝ ያውቃል ብያችኋለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከፍሎም ወጥቼ የኦስሎውን ባቡር መጠበቅ ሲገባኝ አንድ ጥሩ ፎቶ የሚገኝበት ቦታ አለ ብዬ ወረድ አልኩ፣ ስመለስ የባቡሩን ጀርባ አየሁት። ሚርዳል የመኪና መንገድ የላትም። ታክሲ ልጥራ አይባልም፣ ሊፍት የሚሰጥ የለም። ያለው ጣቢያው ነው፣ ተራራው ነው፣ የሚቀጥለው ባቡር ነው። ትኬቴ ደግሞ የማይቀየር ርካሹ ስለነበር አዲስ ገዛሁ፣ በዋዜማ ሳይሆን በሰዓቱ ዋጋ!

ስለዚህ ግንኙነቱን ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚያስጠብቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ የመጨረሻውን የምሽት ባቡር ደግሞ በምንም አትተማመኑበት። ስልካችሁን ኃይል ሙሉት። እኔ ያን ቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ጠበቅኩ፤ አንዲት የጀርባ ቦርሳ የያዘች አሮጊት አየችኝና ምንም ሳትጠይቅ ቸኮሌቷን ለሁለት ሰብራ ሰጠችኝ። ባቡሩ ሲመጣ በሩ ላይ ከእሷ ቀድሜ ነው የቆምኩት፣ በኋላ አፈርኩና አስቀደምኳት።